ሁለት በማፍጠሪያ፣ ሁለት በሱሁር

በረመዳን መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሞ የሠራ ሰው የምለው ቶሎ ይገባዋል። ላልሠራው ደግሞ እነግረዋለሁ። ከሚሴ ላይ ጾም ሲገባ ወደ መስኮታችን የሚመጣ በሽተኛ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «እየጾምኩ ልወስደው እችላለሁ?» ጨጓራው የተላጠውም፣ ስኳሩ ያሻቀበውም፣ ጥርሱ ያበጠውም ያው ነው። ሐኪሙ «ብላ፣ አላህ ለበሽተኛ ፈቅዷል» ብሎት የመጣው እንኳ እኔ ፊት ሲደርስ የሐኪሙን ቃል ይረሳዋል። አይቻልም ካልኩት በትሕትና አመስግኖ ይወጣና፣ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት «ይቻላል» የሚለውን ሰው ያገኛል።

ስለዚህ እኛ ይቻላል ማለት ለመድን። በሌላው ወር በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ ማንበብ ለማይችለው የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ ያለች ፀሐይ፣ የምትጠልቅ ፀሐይና ጨረቃ እንሥላለን፤ በእያንዳንዱ ሥር የፍሬውን ብዛት በጭረት እናሰምራለን። ረመዳን ሲገባ ሥዕሉ ይቀራል። ከላይ «ማፍጠሪያ»፣ ከታች ሳይነጋ ለሚበላው «ሱሁር» ብለን እንጽፍና ጭረቶቹን ለሁለት እናካፍላቸዋለን። ሦስቴ የተባለው አንዱ ከሁለቱ ባንዱ ላይ ይደረብለታል፤ አራቴ የተባለው ሁለት በሁለት ይሆናል። ይህን አሠራር ያስተማረኝ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሐጅ ሙሳ ነው። እሱንም ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ስሜ ዘይቱና ነው። ይህ የምነግራችሁ ሲሆን፣ ደሴ ሁለት ዓመት ተምሬ ድራጊስት ሆኜ ከዚያ መስኮት ኋላ ከተቀመጥኩ አስራ አንደኛ ዓመቴ ነበር። ለብዙው መድኃኒት ይህ ማካፈል ያን ያህል አይጎዳም። ለአንዳንዱ ግን ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ረመዳኖች የሚጎዳውን ለይቼ ከሰው ጋር እጨቃጨቅ ነበር። በሦስተኛው ደከመኝ። ከዚያ በኋላ አልለየሁም፤ እጄ እንደ ጻፈ ይጻፍ ብዬ ተውኩት። ሰዎች «ዘይቱና ደንዝዛለች» ይሉኝ እንደ ነበር አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው። ሰው መስኮቱ ላይ ተደግፎ ሲያለቅስ እኔ ከኋላው ስንት ሰው እንደ ተሰለፈ ነበር የማየው።

ዓፊያ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ፣ እሷ አስራ አምስት ነበረች። እሷ ከአራተኛ ክፍል ቀርታ ከቦርከና ዳር ሽንኩርት እየተሸከመች፣ እኔን እስከ ደሴ ድረስ አስተማረችኝ። «እቴቴ» ነው የምላት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ፤ እኔ ቱግ ባይ፣ እሷ ረጋ ያለች ነን። የሽንኩርት ገበሬውን ሲራጅን ካገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ልጅ አልነበራትም። ጤና ጣቢያ ሄዳለች፣ ደሴ ሄዳለች፣ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ በሚያደርግበት ወዳጃ ሁሉ ስሟ ተነሥቷል። በመጨረሻ ተሳለች። «ያ ረቢ፣ ማህፀኔን ሙላልኝ፤ ባረገዝኩበት ዓመት የሚገባውን ረመዳን አንድ ቀን ሳላጎድል እጾምልሃለሁ» አለች። ባንድ ዓመቷ አረገዘች።

በ2003 ረመዳን የገባው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር። ዓፊያ ሰባተኛ ወሯን ጀምራለች። ሸኹ ራሳቸው ቤቷ ድረስ መጥተው «እርጉዝ ሴት ብትበላ ነውር የለባትም፤ በኋላ የበላሽውን ቀን ቆጥረሽ በመጾም ቀዳውን ታወጣዋለሽ፤ የሚጎዳሽ ስለትም ስለት አይደለም» አሏት። «በጀ፣ ያ ሸኽ» አለችና ጾመች። እቴቴ እምቢ ስትል ድምፅዋን አታነሣም። እሺ ትልና የፈለገችውን ታደርጋለች።

በጾሙ በስምንተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሲራጅ መስኮቱ ላይ ብቅ አለ።

«አካም ጅርታ፣ ዘይቱና?»

«አልሀምዱሊላህ። እቴቴ ደኅና ናት?»

«ሽንቷን ያቃጥላታል። ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስ ነው የምታድር። ጤና ጣቢያ ወስጄያት መረመሯት፤ ኢንፌክሽን ነው አሉ።»

ማዘዣውን ተቀበልኩት። ናይትሮፉራንቶይን፣ ባለ ሃምሳው፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን፣ ከምግብ ጋር። ከሥሩ ሐኪሟ «ብዙ ውሃ» ብላ ሁለት ጊዜ አሥምራበታለች። ለእርጉዝ ሴት ሽንት የሚታዘዝ ደኅና መድኃኒት ነው፤ በስህተት የታዘዘ አልነበረም። ሃያ ስምንት ፍሬ ቆጠርኩ።

ሲራጅ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኩሩ ሰው ነው፤ ሲለምን አይቼው አላውቅም።

«ስሚኝማ። ሐኪሟ ጾሙን ፍቺ አለቻት፣ እምቢ። ሸኹ አሏት፣ እምቢ። እኔንማ አታንሺኝ። ዛሬ ግን በመንገድ ላይ ምን አለችኝ፣ ‹ዘይቱና መድኃኒቱ በጾም አይሆንም ካለች እፈታለሁ› አለችኝ። ባንቺ ቃል እፈታለሁ አለች። በአላህ ይዤሻለሁ፣ አይሆንም በያት።»

ከኋላው አስራ አንድ ሰው ነበር። ቆጥሬያለሁ አልኳችሁ። ከሰንበቴ ከብት ሸጠው የተመለሱ ሦስት አፋሮች ከፊታቸው ያለው ሰው አልንቀሳቀስ ብሏቸው ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። አንዲት ሴት የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፋ በክርኗ ትገፋለች። ሲራጅ ተናግሮ ሳይጨርስ እጄ ከረጢቱ ላይ ጽፎ ጨርሶ ነበር። ከላይ ማፍጠሪያ፣ ሁለት ጭረት። ከታች ሱሁር፣ ሁለት ጭረት።

«ምን ያስጨንቅሃል?» አልኩት። «ሁለት በማፍጠሪያ፣ ሁለት በሱሁር ትውሰድ። ከምግብ ጋር ነው የተባለው፤ ያን ጊዜ ምግብ አለ። ውሃውንም ማታ ማታ ትጠጣ።»

«ይሆናል ማለት ነው?»

«ይሆናል።»

ከረጢቱን ይዞ ቆመ። «እኔ እንደሱ እንድትዪ አልነበረም የለመንኩሽ» አለ።

«ውሸት ተናገሪ ነው የምትለኝ? እኔ በሥራዬ አልዋሽም» አልኩትና የሚቀጥለውን ሰው ማዘዣ ተቀበልኩ።

የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ሳላውቅ ነው የተሳሳትኩት ማለት አልችልም፤ ይህ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ። ቢጠይቁኝ እመልስ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

በመድኃኒቱ በአምስተኛው ቀን እነሱ ቤት ላፈጥር ሄድኩ። ቤታቸው ከቦርከና ድልድይ አለፍ ብሎ ነው፤ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዝናቡ አባርቶ ነበርና ሲራጅ ምንጣፉን በረንዳው ላይ አነጠፈው። አዛን ሲል ዓፊያ በተምር አፈጠረች፤ ሾርባዋን ሦስት ማንኪያ ወሰደችና ሁለቱን ፍሬ ባንድ ላይ ዋጠች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ያቅለሸልሸኛል» አለች። «ሁለቱ አንድ ላይ ሲወርዱ ሆዴ ይገለበጣል። ግን አንድም አላጎደልኩ።»

«ጎሽ።»

«ደግሞ ልነግርሽ የፈለግሁት፣ ሽንቴ ቡኒ ሆነ። እንደ ሻይ። ደም ነው ብዬ ደንግጬ ነበር።»

ሳቅሁባት። «የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ሞኝ። ስትጨርሺ ይጠራል። አትፍሪው።»

ሳቀች፤ ቀለል አላት። እኔም ደስ አለኝ፤ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ።

«ማቃጠሉስ ተሻለሽ?» አልኳት።

«ይመጣል ይሄዳል። ካፈጠርኩ በኋላ ይተወኛል። ከሱሁርም በኋላ እስከ ማርፈጃው ደኅና ነኝ። ከዚያ እንደገና ይነሣብኛል፤ ወደ አስር ሰዓት ገደማ ሲሆን እንደ በርበሬ ነው።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሳምቡሳ እየበላሁ ነበር፤ ሁለተኛውን አነሣሁ።

«ውሃስ ትጠጫለሽ?»

«ሁለት ብርጭቆ። ከዚያ ካለፈ ማታ ተራዊህ ስሰግድ ሽንቴ እየመጣ ውዱዬ አይቆምልኝም። በየረከዓው ልወጣ ነው? ኢማሙ ሲያሰግዱ እኔ ጫማ ስፈልግ!» ብላ ራሷ ሳቀች።

«ጠጪ እንጂ» አልኳት፤ መስኮት ላይ ለማላውቀው ሰው እንደምለው። ሲራጅ ከምንጣፉ ጫፍ ሆኖ ያየኝ ነበር። ባለሙያዋ ተናግራለች፤ እሱ ምን ይጨምራል?

ስንበላ ቆይታ ዓፊያ እጄን ስባ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። «ጠብቂው፣ አሁን ነው የሚነቃው። ቀን ድምፁን አያሰማም፤ ሳፈጥር ይነሣና ይራገጣል። እሱም አብሮኝ ይጾማል መሰለኝ።» ረገጠ። ሁለት ጊዜ። እጄን መልሼ ወደ ሳህኑ አደረግሁት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በጾሙ በአስራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ሲራጅ ስልክ ደወለ። እቴቴን ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት አድሯል፤ ጎኗን ከኋላ በኩል ይወጋታል፤ ውሃ እንኳ ሆዷ አይቀበልም። ጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላካት። እኔ ሐጅ ሙሳን አስፈቅጄ በሚኒባስ ተከተልኳት። በመንገዱ ሁሉ ስለ ምንም አላሰብኩም። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዱዓ ሲያደርጉ አብሬያቸው አሚን አልኩ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ ወለደች። ወንድ ነበር። ሲራጅ ጆሮው ላይ አዛን አለለት። እጁ የሲራጅን የጣት ጫፍ ጨብጦ ነበር፤ ጨብጦ ሊይዝ የቻለው ጥፍሩን ብቻ ነው። እስከ አስር ሰዓት ድረስ ተነፈሰ፤ ከዚያ አልተነፈሰም። ሲራጅ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በሚኒባስ ወደ ከሚሴ ይዞት ወረደ። እኔ ከእቴቴ ጋር ቀረሁ።

አላለቀስኩም። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ደኅና ነኝ እያልኩ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የወለሉን ንጣፍ ቆጠርኩ። በርዝመቱ ሰላሳ አራት፣ በጎኑ ስድስት ነው። ሲመሽ አፈጠርኩ። እርቦኝም ነበር፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን እርቦኝ ነበር።

ሐኪሟ ዓዲላ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ካርዱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ መጣች።

«የሽንት ኢንፌክሽን ነበረባት። መድኃኒቱን እንዴት ነበር የምትወስደው?»

«ሁለት በማፍጠሪያ፣ ሁለት በሱሁር።»

«እንዲህ ያላት ማን ነው?»

«መድኃኒት ቤት» አልኳት።

ካርዱን አጠፈችው። «ከፊኛ ወደ ኩላሊት ወጥቶባታል። ትኩሳቱ ምጡን አመጣው። በትክክል ወስዳም ቢሆን ሊሆን ይችል ነበር፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ መማል አልችልም። ግን ያን መድኃኒት ሁለት ሁለት አድርጎ ለሁለት ጊዜ መስጠት፣ ያውም ውሃ ሳትጠጣ…» ቀሪውን አልጨረሰችውም። «እዚያ የሚሠሩትን ሰዎች ብታገኚያቸው ንገሪያቸው» አለችኝ።

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

ዓፊያ በመርፌ ተሽሏት በሃያ አምስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ገባች። ስለቷም አልሞላ፣ ልጇም አልቀረላት። እኔ በበነጋው ሥራ ገባሁ። ከቀትር በፊት አንድ የባቲ ነጋዴ በቀን አራቴ የሚል ማዘዣ ይዞ መጣ። እየጾምኩ እችላለሁ? አለኝ። እጄ ያንኑ ጻፈ። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ከረጢቱ ላይ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ሮጬ ልጠራው እችል ነበር፤ አስፋልቱን ገና አልተሻገረም። ተቀምጬ አየሁት። ከዚህ የባሰ ነገር ስለ ራሴ የምናገረው የለኝም።

ሲራጅ ሚስቱን አላነጋገራትም። ለለቀስተኛው ሻይ ያቀርባል፣ ለሸኹ ይነሣል፣ እሷ ግን እንደሌለች ሰው ሆነችበት። በዒድ ቀን ደጃፉ ላይ አግኝቶኝ፣ «ለስለቷ ብላ ልጄን አስጾመችው» አለኝ። «ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ።» ይህን ብሎ ወደ ሽንኩርት ማሳው ወረደ። ማሳው ዳር ለጥበቃ የተሠራች ጎጆ አለች፤ ዒድ ካለፈ በኋላ እዚያ ማደር ጀመረ። የቦርከና ውሃ ሞልቶ ሌባ ሊሻገረው ስለማይችል ማሳው ጠባቂ አያስፈልገውም ነበር። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

ዒድ በዋለ በስምንተኛው ቀን ወደ እቴቴ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለዘር የተቀመጠ ሽንኩርት ስትለቅም አገኘኋት፤ የበሰበሰውን ለብቻ፣ ጤነኛውን ለብቻ። ቀጭታለች። ጡቷ ወተቱን አልተወም ነበርና ቀሚሷ ላይ ሁለት እርጥብ ቦታ ይታያል። እኔ አየሁ፤ እሷም ማየቴን አየች፣ ነጠላዋን ሳበች። ተቀምጬ አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።

«ዘይቱና» አለች ቆይታ፣ «ሲራጅ ጾሙ ነው ይላል። ለኔ አይለኝም፤ ለሰው ሲል ሰምቼዋለሁ። አንቺ የተማርሽው ይህንኑ ነው። ጾሙ ነው?»

«አይደለም» ብዬ ማቆም እችል ነበር። የአላህ ቀደር ነው ብዬ ማለፍም እችል ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ሐኪሟም ብትሆን መማል አልችልም ብላለች። ሽንኩርቱን አስቀመጥኩት።

«ያ መድኃኒት እንደ ሌላው አይደለም» አልኳት። «ሌላው ደም ውስጥ ገብቶ ሰውነትሽን እየዞረ ይቆያል። ይሄኛው ደም ውስጥ አይቆይም። እንደ ዋጥሽው ቶሎ ብሎ ወደ ሽንት ይወርዳል፤ ሥራው እዚያ ፊኛሽ ውስጥ ነው። ስትሸኚ አብሮ ይወጣል። ለዚህ ነው በቀን አራት ጊዜ የሚባለው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንዲተካ። ውሃው ደግሞ ጀርሙን ጠራርጎ እንዲያወጣው ነው።»

ታዳምጣለች። ሽንኩርት ገበሬ ናት፤ ስለ ውሃ ሲነገራት ቶሎ ይገባታል።

«እንደ መስኖ ተራ ነዋ» አለች። «የሁለት ቀን ተራሽን ባንድ ቀን ብትለቂው ሽንኩርቱ አያጠራቅመውም።»

«አዎ። ሁለቱን ባንድ ላይ ስትወስጂው ጥቂት ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ ወጥቶ ያልቃል። ከማርፈጃው እስከ ማፍጠሪያ ፊኛሽ ባዶ ነበር።»

«ቀን ቀን ያቃጠለኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረሽኝ ነበር፣ እቴቴ።»

አንድ ሽንኩርት አነሣች፣ አገላብጣ አየችው፣ ወደየትኛውም ሳትጥለው ያዘችው። «ያን ጊዜ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሲራጅም በመስኮቱ በኩል ለምኖኝ ነበር፤ አይሆንም በያት፣ ባንቺ ቃል ትፈታለች ብሎኝ ነበር። ሰው በዝቶ ነበር። ሁልጊዜ እንደምጽፈው ጻፍኩ።»

ሲራጅ መለመኑን አልሰማችም ነበር። አሁን ሰማች። «አይሆንም ብትዪኝ እኮ እፈታ ነበር» አለች። በቁጣ አይደለም፤ አንድ ዕቃ የት እንደ ተቀመጠ እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከአስፋልቱ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ መኪኖች ይሰማሉ።

«አላህ ሰጠ፣ አላህ ነሣ ብዬ ሱጁድ ወርጄ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከባድ ነው፣ ግን ለሱ እንዲያ ይባላል። አሁን ላንቺ ምን እላለሁ? ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ ያሳደግሁሽ ነሽ። ለሰው የሚባለውን አላውቅም።»

ያስቀመጥኩትን ሽንኩርት መልሼ አነሣሁት።

«ለሲራጅ እንዳትነግሪው» አለች ቀጥላ። «በኔ ቢቆጣ ባሌ ነው፤ አንድ ቀን ይበርድለታል። ባንቺ ከተቆጣ ግን እዚህ ቤት ሁለተኛ አትገቢም። እኔ ደግሞ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

«በጀ» አልኳት። እንደሷ ነው ያልኩት፣ ረጋ ብዬ።

ሲራጅ በዚህ መሃል ከማሳው መጣ። ለእኔ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለኝ፤ በሷ ላይ ዓይኑን አሳልፎ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ወደ ቤት ሊገባ ሲል ፊቱን ወደኔ መልሶ፣ «ቀዳውን ልታወጣ አስባለች አሉ» አለ፤ እሷ እዚያው ተቀምጣ። «ትጹም። አሁንማ ሆዷ ውስጥ ማን አለ?»

ዓፊያ ራሷን አቀረቀረች። የያዘችውን ሽንኩርት ከጤነኛው ጋር ጣለችው፤ የበሰበሰ ነበር።

«ሲራጅ» አልኩት፣ «ጾሙ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ አልኩህ። አይሆንም በያት ብለህ ለምነኸኝ ነበር። መድኃኒቱ በጾም አይሆንም ነበር። አውቅ ነበር፤ ይሆናል አልኩህ። እሷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው፣ አንድ ፍሬ አላጎደለችም። ደሴ ሐኪሟ መድኃኒቱን ማን እንዲህ አዘዛት ስትለኝም እኔ ነኝ አላልኩም።»

ዓፊያ በቀስታ «ዘይቱና» አለች።

ሲራጅ አልጮኸም። መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ ሚስቱን አየ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል ፊቷን ያየው። የቀሚሷን እርጥብ ቦታ አየ። ከዚያ ወደኔ ሳይመለስ «ውጪ» አለኝ።

ወጣሁ። ድልድዩ አጠገብ ባጃጅ አስቁሜ ተሳፈርኩ። ባለ ባጃጁ ወዴት ነው ሲለኝ መድኃኒት ቤት ልለው አፌን ስከፍት ለቅሶ መጣብኝ። ኮሪደር ላይ ያልመጣው፣ ለቀስተኛ መሃል ያልመጣው፣ እዚያ ሰው ፊት መጣ። አመመኝ። የሕፃኑ እርግጫ፣ ያ ሁለት ጊዜ የረገጠው፣ መዳፌ ላይ ተሰማኝ፤ እጄን ቀሚሴ ላይ ብጠርገውም አልለቀቀኝም። ባለ ባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ፤ አላህ ይስጠው።

በሳምንቱ እቴቴ ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«ሲራጅ ወደ ቤት ገባ» አለችኝ። «ካንድ ሳህን በላን። ስለ ልጁም አወራን፤ ጣቱን እንዴት አድርጎ እንደ ያዘው ነገረኝ። አልቅሶ አያውቅም ነበር፣ አለቀሰ።»

«አልሀምዱሊላህ።»

«አንቺ ግን አትምጪ፣ እሺ? እሱ አይደለም ያለው። እኔ ነኝ።»

«በጀ፣ እቴቴ» አልኳት።